ሞተሩ ብቻ ነው የሚለየው

አማቴ የእኔን መኪና ከልጃቸው መኪና መለየት አይችሉም። አይፈረድባቸውም። ሁለቱም ቶዮታ ቪትዝ ናቸው። ሁለቱም ብርማ ቀለም። ሁለቱም በፈረንጆቹ 2008 የተሠሩ። አንድ የገና ዕለት እማማ ጋቢያቸውን ደርበው፣ በስህተት ልጃቸው መኪና ውስጥ ገብተው ሩብ ሰዓት ያህል ጠበቁኝ። ስመጣ ተቆጡ። መኪና እንደተሳሳቱ ስነግራቸው ደግሞ የባሰ ተቆጡ። «ምናቸው ይለያል? አንድ ናቸው እኮ!»

ከውጭ ላያቸው እውነታቸውን ነው። መብራቱ፣ በሩ፣ ወንበሩ፣ መሃል ላይ የተቀመጠው የፍጥነት ቆጣሪ ሳይቀር አንድ ነው። ልዩነቱ ኮፈን ስር ነው። የእኔዋ ሞተር መጠኑ ሺ ሲሲ ነው። የባለቤቴ ወንድም መኪና ሺ ሶስት መቶ።

ስገዛ ሁለቱም ዓይነት ቀርቦልኝ ነበር። ሺ ሶስት መቶዋ በጥቂት አስር ሺህ ብር ትበልጣለች። ለምን ብዬ ደላላውን ጠየቅኩት። «ወንድሜ፣ ያው ናት። ሞተሩ ብቻ ነው የሚለየው» አለኝ። ያኔ ገባኝ ብዬ ርካሿን ገዛሁ። ዛሬ ሳስበው ግን መንታ እህትማማቾችን ሊያጭ ለመጣ ሰው «ጠባያቸው ብቻ ነው የሚለየው» እንደማለት ነው።

የቱ ሞተር የትኛዋ ውስጥ እንዳለ ለማወቅ ደላላ አያስፈልግም። የጃፓን ቪትዝ ከሆነች ኮፈኑን ክፈቱ። ከሞተሩ በስተኋላ፣ ግድግዳው ላይ አንዲት ትንሽ የብረት ሳህን አለች። የእኔዋ ላይ «ኬኤስፒ90» ይላል። የእሱ ላይ «ኤስሲፒ90»። የመጀመሪያዋ ፊደል የሞተሩን ቤተሰብ ትናገራለች። ኬ ካለ ባለሶስት ፒስተኑ «1ኬአር» ነው። ኤስ ካለ ባለአራት ፒስተኑ «2ኤስዜድ»። ኤን ካለ ብዙ ጊዜ «ኤንዜድ» ከሚባለው ቤተሰብ ነው፤ ሺ አምስት መቶዋ ከዚያ ትመደባለች። መኪና ሊገዛ የሚሄድ ጓደኛ ካላችሁ ይህችን ሳህን አሳዩት። ሰው አፉ ይሳሳታል፤ ሳህኗ አትሳሳትም።

ስለ ሶስቱ ፒስተን ትንሽ ላውራ። ከእኔዋ በፊት የነበረችው፣ በ1999 እንደ ፈረንጆቹ የወጣችው የመጀመሪያዋ ሺ ሲሲ ቪትዝ አራት ፒስተን ነበራት። ሁለተኛዋ ስትመጣ ቶዮታ ከዳይሃትሱ ጋር ሆኖ ሞተሩን አቀለለው። አንድ ፒስተን ቀነሰ። ክብደቱ 69 ኪሎ አካባቢ ሆነ። ከእኔ ይቀላል ማለት ነው። ይህ ሞተር ከአንድ ሊትር በታች ካሉት ሞተሮች የዓለም ምርጥ ተብሎ በፈረንጆቹ ከ2007 እስከ 2010 አራት ዓመት በተከታታይ ተሸልሟል። ታዲያ ሽልማቱ ቀይ መብራት ላይ አያድንም። ሶስት ፒስተን በተፈጥሮው እኩል አይመዝንም፤ መኪናዋ ቆማ ሞተሩ ሲሠራ ትንሽ ትንቀጠቀጣለች። ከጎኔ የሚቀመጥ አዲስ ሰው ሁሉ «አሞሃት ነው?» እንደሚል ለምጄዋለሁ።

በመጀመሪያው ዓመት አልለመድኩትም ነበር። ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ። ጭንቅላቱን ነቀነቀ። «ካንዴላ ነው» አለኝ፤ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚለኩሰውን ማለቱ ነው። ማታ ስመለስ ሒሳቡን ሰጠኝ። አራት ካንዴላ ይላል። ከፈልኩ። መንቀጥቀጡ አልቆመም። ከስድስት ወር በኋላ ሌላ ሰው ዘንድ ስወስዳት ኮፈኑን ከፍቶ «ይቺ እኮ ሶስት ፒስተን ናት፤ ተፈጥሮዋ ነው» አለኝ። ሶስት ፒስተን ሶስት ካንዴላ ነው የምትይዘው። አራተኛው የት እንደገባ እስካሁን አላውቅም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው ሞተር የሚባል ነገር ማንበብ የጀመርኩት። በንዴት የተጀመረ ትምህርት ደግሞ አይረሳም።

መጀመሪያ የገረመኝ ነገር ቁጥሩ ነው። አዲስ አበባ በሺ ሲሲና በሺ ሶስት መቶ ቪትዝ ተሞልታለች። ሺ አምስት መቶዋ ግን እንደ ልብ አትገኝም። ጃፓን ውስጥ እኮ ሦስቱም ነበሩ። ለምን? መልሱ ከሞተሩ ውስጥ አይደለም፤ ከጉምሩክ ነው። በድሮው የኤክሳይስ ታክስ እስከ 1300 ሲሲ ያለ የቤት መኪና 30 በመቶ ይከፍል ነበር። ከዚያ እስከ 1800 ድረስ ያለው 60 በመቶ። ከ1800 በላይ 100 በመቶ። ስለዚህ 1300 ላይ አጥር ቆሞ ነበር። አጥሩን በአንድ ሲሲ ያለፈ እጥፍ ይከፍል ነበር። «ሺ ሶስት መቶ» የምንለው የባለቤቴ ወንድም ሞተር ደግሞ ትክክለኛ መጠኑ 1296 ሲሲ ነው። በአራት ሲሲ ከአጥሩ ውስጥ ቀርታለች። ሺ አምስት መቶዋ ከአጥሩ ውጭ ናት። ጃፓኖቹ ይህን አስበው እንዳልሠሩት ግልጽ ነው፤ ግን ለእኛ ገበያ ተለክታ የተሰፋች ትመስላለች። በ2012 በወጣው አዋጅ አዲስ መኪና ከ1300 በታች ከሆነ ወደ 5 በመቶ ወረደ። ያገለገለ መኪና ላይ ግን ዱላው በረታ፤ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ተጣለበት። ቪትዝ ደግሞ በአብዛኛው ያገለገለች ሆና ነበር የምትገባው። የዚያን ሰሞን ዋጋዋ የት እንደደረሰ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ።

እና ሁለት ሞተር ቀረልን። ሺ እና ሺ ሶስት መቶ። የቱ ይሻላል?

ወረቀቱን ካያችሁ ቀላል ይመስላል። የእኔዋ 71 የፈረስ ጉልበት አላት። የእሱ 87። መኪናዎቹ ሁለቱም ባዶአቸውን አንድ ቶን ገደማ ናቸው። 16 ፈረስ ልዩነት ነው። ለከተማ መኪና 16 ፈረስ ምን ያደርጋል ይባላል። ግን ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ባሕር ዳርቻ ላይ እንዳለን ቆጥሮ ነው የተጻፈው። እኛ ደግሞ ተራራ ላይ ነን።

ሲሲ ማለት ፒስተኖቹ ጠርገው የሚስቡት አየር መጠን ነው። የእኔዋ 996 ሲሲ፣ አንድ ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ ማለት ነው። ሞተሩ በየሁለት ዙሩ ያንን ጠርሙስ ሞልቶ አየር ይጠጣል። ችግሩ አዲስ አበባ ላይ ጠርሙሱ ቢሞላም ውስጡ ያለው አየር ስስ ነው። 2400 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲነጻጸር በ20 በመቶ ገደማ ይሳሳል። አየር ካነሰ ቤንዚኑም አብሮ ይቀነሳል፤ ኮምፒውተሩ አየሩን ለክቶ ነው የሚሰጠው። ጉልበቱም እንደዚያው። ከአምስት ፈረስ አንዱ ቤቱ ይቀራል።

አሁን ስሌቱን ሥሩት። የእኔ 71 ፈረስ አዲስ አበባ ላይ ወደ 56 ይወርዳል። የእሱ 87 ወደ 69 ይወርዳል። 69! ጂቡቲ ወደብ ላይ የእኔዋ ሺ ሲሲ ያላትን ጉልበት ለማግኘት፣ አዲስ አበባ ላይ ሺ ሶስት መቶ መግዛት አለባችሁ ማለት ነው። ሺ ሶስት መቶ ሲሉኝ «ተለቅ ያለው ሞተር» ይመስለኝ ነበር። እዚህ ከተማ ላይ ግን እሱ ነው መደበኛው። እኔ የገዛሁት ከመደበኛው በታች ነው። ይህን ደላላው አልነገረኝም፤ እሱም አያውቀውም ብዬ በደግነት አልፌዋለሁ።

(በነገራችን ላይ፣ ወደ እንጦጦ የሚወጣ አሮጌ የናፍጣ መኪና ለምን ያንን ጥቁር ጭስ እንደሚተፋ ከዚሁ ጋር ይገናኛል። የድሮው ፖምፓ አየሩ መሳሳቱን አያውቅም። የለመደውን ያህል ናፍጣ ይሰጣል። አየሩ አያቃጥለውም። ያልተቃጠለው ከኋላ ላለነው ይደርሰናል።)

ይህን ሁሉ በወረቀት ከማወቄ በፊት ግን በአካል አይቼው ነበር። በ2010 ሚያዝያ ደብረ ማርቆስ ሠርግ ነበረብን። ሁለቱንም ቪትዝ ይዘን ሄድን። እኔ ባለቤቴን፣ እማማን፣ ሁለት ልጆችን ጫንኩ። እሱ ሶስት ወጣቶችና አንድ ትልቅ ማዳበሪያ ሙሉ ዕቃ። ሱሉልታ ላይ አንድ ማደያ ገብተን ሁለታችንም ሞላን። ውርርድ ነበረብን። ደብረ ማርቆስ ስንደርስ ብዙ ነዳጅ የበላው ምሳ ይጋብዛል።

ጫንጮ፣ ሙከጡሪ፣ ፍቼ፣ ገርበ ጉራቻ። እስከዚያ ድረስ ልዩነት የለም። መንገዱ ሜዳ ነው። ከፊት ተሳቢ ካለ ግን የእሱ ወጣ ብሎ ይቀድማል፤ እኔ ሁለቴ ሶስቴ አስባለሁ። አንድ ጊዜ ለመቅደም ወጥቼ፣ ረግጬ፣ ሞተሩ ጮኾ፣ መኪናዋ ግን እዚያው ናት። ተመልሼ ገባሁ። የሁለታችንም መኪና ማርሽ የሌለው ዓይነት አውቶማቲክ ነው። ስትረግጡት መጀመሪያ ጩኸቱ ይመጣል። መኪናዋ ከኋላ ትደርስበታለች። ሺ ሶስት መቶው ላይ በጩኸቱና በመድረሱ መካከል ያለው ጊዜ ያጥራል። የእኔዋ ላይ ጸሎት ለማድረስ ይበቃል።

ጎሃ ጽዮን ደረስን። ከዚያ ወደ ዓባይ በረሃ መውረድ ነው። ከ2500 ሜትር አካባቢ ተነስቶ ድልድዩ ጋ ወደ 1100 ገደማ ይደርሳል። ቁልቁለቱን ሁለታችንም እኩል ወረድን። ቁልቁለት ሲሲ አይጠይቅም፤ ፍሬንና ትዕግሥት ነው የሚጠይቀው። ዝንጀሮዎቹ ኩርባው ላይ ተቀምጠው ያዩናል። ከታች በጃፓን እርዳታ የተሠራው ድልድይ አለ። ሁለት የጃፓን መኪና በጃፓን ድልድይ ላይ ተሻገርን።

ታች ሙቀቱ አይጣል ነው። እማማ ጋቢያቸውን አወለቁ። ኤሲ ከፈትን። ከዚያ ዳገቱ ጀመረ።

ትንሿ ሞተር ያቺ ሰዓት ላይ ናት የምትታወቀው። ኤሲው ራሱ ከሞተሩ ጉልበት ይወስዳል። ካለችው ፈረስ ላይ ሦስት አራቱን ሲነጥቅ ይሰማል። አምስት ሰው ጭናለች። መንገዱ ይጠመዘዛል። ከፊት አንድ ሲኖትራክ እየተጎተተ ነው። ፍጥነቱ 40፣ 35፣ 30። ነዳጅ መርገጫው ወለል ነክቷል። የባለቤቴ ወንድም ሲኖትራኩን ቀድሞ በኩርባው ተሰወረ። ኤሲውን አጠፋሁ። መኪናዋ እፎይ አለች። ከኋላ ያሉት ግን አላሉም።

«ልጄ፣ ምን ሆነህ ነው? ክፈተው እንጂ» አሉ እማማ።

«እማማ፣ ከከፈትኩት ዳገቱን አትወጣም።»

«የሱ ከፍቶ አይደል የሄደው?»

«የሱ ሺ ሶስት መቶ ነው።»

ትንሽ ዝም አሉ። «እና ለምን ሺ ሶስት መቶ አልገዛህም?»

ባለቤቴ በመስኮት ወደ ውጭ ማየት ጀመረች። ሳቋን እንደያዘች አውቃለሁ።

ደጀን ላይ የባለቤቴ ወንድም ቡና አዝዞ ጠበቀን። ሁለተኛውን ስኒ እየጠጣ ነበር። ውርርዱን እንዳሸነፍኩ እርግጠኛ ነበርኩ። ቢያንስ ነዳጅ ቆጥቤያለሁ አልኩ። ትንሽ ሞተር ነኝ፣ ኤሲ አጥፍቼ ነው የመጣሁት። ደብረ ማርቆስ ገብተን ሞላን። ልዩነቱ አንድ ሊትር እንኳ አልሞላም። ለዚያች ልዩነት ነው ያንን ሁሉ ላብ ያፈሰስነው። ምሳውን በሕጉ መሠረት እሱ ጋበዘ። እማማ ግን ገንዘቡን ከእኔ ኪስ ማውጣት የሚፈልጉ ይመስሉ ነበር።

ለምን እንዲህ ሆነ ብዬ በኋላ አሰላሁት። ከድልድዩ እስከ ደጀን ሰውና መኪና ተደምሮ 1350 ኪሎ ያህል ነገር 1300 ሜትር ከፍ አድርጌያለሁ። ያ ሥራ ብቻውን ወደ ሁለት ሊትር ቤንዚን ይፈልጋል። በሺ ሲሲ አነሳሁት፣ በሺ ሶስት መቶ አነሳሁት፣ ተራራው ዋጋውን አይቀንስም። ትንሹ ሞተር ቀስ ብሎ ይከፍላል፣ ትልቁ ቶሎ ይከፍላል። ሒሳቡ ግን ያው ነው። እንዲያውም ትንሹን እስከ ጥግ ስትረግጡት ራሱን ለማብረድ ከሚገባው በላይ ቤንዚን ይጠጣል፤ የቆጠበውን እዚያ ይጥለዋል።

ታዲያ ትንሽ ሞተር ነዳጅ ይቆጥባል የሚባለው ውሸት ነው? አይደለም። ቦታው ሌላ ነው።

ከዓመት በኋላ የባለቤቴ ወንድም መሪው የሚያንኳኳ ነገር ነበረበትና «ለአንድ ሳምንት ነድተህ ንገረኝ» አለኝ። መኪና ተለዋወጥን። እኔ የምኖረው ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው። ከቤቴ እስከ አስፋልቱ ያለው ዳገት ሰው በእግሩ ሲወጣው ሁለቴ የሚያርፍበት ነው። በሺ ሶስት መቶዋ ስወጣው ሬዲዮው ይሰማኛል። በእኔዋ ስወጣ ሬዲዮ ከፍቼ አላውቅም፤ ለካ አይሰማም ነበር። ልጆቹን ጭኜ፣ ዱቄት ጭኜ፣ ያለ ሐሳብ ወጣሁ። መውጫው ላይ የቆመ ሚኒባስ ቢኖር እንኳ ቆሜ እንደገና መነሳት አላስፈራኝም። ለዚህ ስሜት ዋጋ ማውጣት ይከብዳል።

እሱ ደግሞ የእኔን ይዞ ከቃሊቲ ቦሌ ሲመላለስ ሰነበተ። ቤቱ ቃሊቲ ነው። መንገዱ ለጥ ያለ ነው፤ ያለው ዳገት ሳይሆን ሰልፍ ነው። ሰልፍ ላይ ጉልበት ምን ይሠራል? ቆሞ የሚሠራ ሞተር ነዳጅ የሚበላው እንደ ሆዱ ስፋት ነው። የእኔዋ ቆማ በሰዓት ግማሽ ሊትር አካባቢ ትጠጣለች። የእሱ ከዚያ በላይ። በቀን ሁለት ሰዓት የሚቆም ሰው ዓመቱን ቢያሰላው የሚያስቅ አይደለም። በተለይ በ2017 ቤንዚን በሊትር መቶ ብር ከተሻገረ በኋላ። በሳምንቱ መጨረሻ ደውሎ «ይቺ ነገር ነዳጅ የምትሞላው በሽታ ነው እንዴ?» አለኝ። አልገባኝም። «ጠቋሚው አይወርድም» አለ።

ስለዚህ ሁለታችንም የያዝነው የሌላውን መኪና ነበር። እኔ ተራራ ላይ ሆኜ ትንሿን። እሱ ሜዳ ላይ ሆኖ ትልቋን። ከቃሊቲ እስከ እንጦጦ አናት የከፍታው ልዩነት ወደ አንድ ሺህ ሜትር ይጠጋል። በአንድ ከተማ ውስጥ ሁለት አገር እንዳለ መኪና ስነዳ ነው የገባኝ። ሰው የቱን ሞተር ልግዛ ብሎ ሲጠይቀኝ አሁን መልሼ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ቤትህ የት ነው? ከዚያ ስንት ሰው ነው የምትጭነው እላለሁ። ስለ ፈረስ ጉልበት የምናወራው ካስፈለገ ነው።

ሦስተኛ ሞተርም አለ፤ እኛ ጋ ብዙ የማይታይ። ፍራንክፈርት የሚኖር የአጎቴ ልጅ ያሪስ አለው። ያሪስ ማለት ቪትዝ ናት፤ አውሮፓ ስትሄድ ስሟን ቀይራ ነው። በ2020 ጃፓንም ቪትዝ የሚለውን ስም ትታ ያሪስ ማለት ጀምራለች። የእሱ በፈረንጆቹ የ2010 ሞዴል ናት፣ ናፍጣ፣ 1.4 ሊትር ባለ ቱርቦ። ጉልበቷ 90 ፈረስ ነው፣ ከሺ ሶስት መቶው ብዙም አይርቅም። መሳቧ ግን ሌላ ነው። የመጎተት ኃይሉ የእኔዋ 94 ኒውተን ሜትር፣ ሺ ሶስት መቶዋ 116፣ የእሱ 200 አካባቢ። የእኔዋ እጥፍ ማለት ነው።

ለጥምቀት መጥቶ የእኔን ነዳ። ከቤቴ ወጥቶ የመጀመሪያው ዳገት ላይ ወደ እኔ ዞረ። «የእጅ ፍሬን ይዟት ነው?» አለኝ። አልያዛትም። እሱ የለመደው ከባሕር በመቶ ሜትር ከፍታ ላይ በቱርቦ መንዳት ነው። ቱርቦ ማለት ከሞተሩ በሚወጣው ጭስ የሚሽከረከር፣ አየሩን ጠቅጥቆ ወደ ሞተሩ የሚመልስ ማራገቢያ ነው። አየሩ ሲሳሳ ፈጥኖ ይሽከረከርና እስከ አቅሙ ድረስ ያካክሰዋል። ለአዲስ አበባ የተፈጠረ ነው ብል አላጋነንኩም። እኔ ቅናት ያዘኝ።

እሱ ግን ሌላ ታሪክ ነገረኝ። ጀርመን የመንገድ ግብሩ ለቤንዚን በየ100 ሲሲው 2 ዩሮ ነው፣ ለናፍጣ 9 ዩሮ ከ50። ለጭሱ የሚከፈለው ለብቻው ነው። የእሱ 1364 ሲሲ ወደ 14 መቶ ተጠጋግቶ 133 ዩሮ በዓመት ያስከፍለዋል። የእኔዋን የመሰለች የ2010 ሺ ሲሲ እዚያ ብትሆን 20 ዩሮ። አየ ጉድ አልኩ። እነሱም ጋ በአንድ መኪና ላይ ሞተር የሚመርጠው ግብር ነው። እሱ ናፍጣውን የያዘው ሥራው ሩቅ ስለሆነና በየቀኑ አውራ ጎዳና ላይ ስለሚነዳ ነው። ለከተማ ብቻ ቢሆን እንደማይገዛት ነገረኝ። አጭር አጭር ጉዞ የጭስ ማጣሪያ ያለውን ናፍጣ ይደፍነዋል። ናፍጣውን የሚረጩት ኖዝሎቹም ቆሻሻ ነዳጅ አይችሉም፤ ከተበላሹ ዋጋቸው ያስለቅሳል። እኛ ጋ በጀሪካን የተቀዳ ናፍጣ ስንት ነገር ይዞ እንደሚመጣ አስቤ ቅናቴ ቀነሰ። ሁሉም አልጠፋም። ቀነሰ ነው ያልኩት።

ስለ ኤሌክትሪክ መኪና የምትጠይቁኝ ትኖራላችሁ። ከጥር 2016 ወዲህ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ስለቆመ፣ ሺ ነው ሺ ሶስት መቶ የሚለው ክርክር ቀድሞ በገቡት ላይ ብቻ የሚደረግ ሆኗል። አንድ ነገር ብቻ ልበል። ኤሌክትሪክ ሞተር አይተነፍስም። አየሩ ሳሳ አልሳሳ ግድ የለውም። ጂቡቲ ላይ ያለው ጉልበቱ እንጦጦ ላይም አለ። የጎረቤቴ ልጅ በኤሌክትሪክ መኪናው የእኛን ዳገት ድምፅ ሳያሰማ ሲወጣው ሳይ፣ ከላይ ያወራሁት የአየር ሒሳብ ሁሉ የሽማግሌ ጨዋታ ይመስለኛል። እኔ ግን ቪትዜን ይዤ ነው ያለሁት። ገና ትሠራለች።

ባለፈው ወር ከባለቤቴ ወንድም ጋር ቁጭ ብለን መኪና ለመለዋወጥ ተነጋገርን። ሁለቱም መኪና አርጅተዋል፤ የገበያ ዋጋቸው ደግሞ ከገዛንበት በብዙ እጥፍ ወጥቷል። ጭማሪው ስንት ይሁን ላይ ትንሽ ተከራከርን። እሱ ጎማው አዲስ ነው አለ። እኔ ባትሪዬ አዲስ ነው አልኩ። ባለቤቴ መሃል ገብታ ጨረሰችው። ሊብሬው እስኪዞር ለጊዜው ቁልፍ ተለዋወጥን።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ እማማ እንደ ልማዳቸው የኋላውን በር ከፍተው ገቡ። ዳገቱን ወጣን። ምንም አላሉም። እኔም አልነገርኳቸውም።

ማታ እሱ ደወለ። ዘይት ሊያስቀይር ጋራዥ እንደሚወስዳት ነገረኝ፣ ካንዴላም አብሮ ይቀየር ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ይቀየር አልኩት። ግን ቆመህ ቁጠር።